ከእንጀራው ቀጥሎ ያለው ቃል

የማርያም ማኅበርተኞቼ፣ በየወሩ ጽዋውን ስታነሡ ከመካከላችሁ አለመቀመጤ ይቆጨኛል፤ ግን እናንተ የማታዩትን አገር እያየሁ መሆኔ ደግሞ ያጽናናኛል። ጎንደር ምን ይመስላል ብላችሁ ስለላካችሁብኝ ስለ ግንቡ ልጽፍ ተነሥቼ ነበር፤ ተውሁት። ግንቡን ያየ ሁሉ ያወራዋል። እኔ የምነግራችሁ ባለፈው ጥቅምት ወደ ባለቤቴ አገር፣ ከዳባት ወዲያ ወዳለችው ወደ ጽድ አምባ ሄጄ የተመለስሁበትን ነው። የነፍስ አባታችን ቀስ ብለው ያንብቡላችሁ፤ ረጅም ነው።

የሄድሁበት ጉዳይ እንዲህ ነው። በጣሊያን ጊዜ የባለቤቴ አባት ጫካ ገብተው ሳለ፣ ወታደሮቹ የወንድማቸውን የአያ ቢያድግልኝን ሁለት ልጆች ያዙና «ወንድምህ እህሉን የት እንደደበቀ አሳየን» አሏቸው። እዚህ አገር ትልቅ ሰው አያ ይባላል፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። አያ ቢያድግልኝ አሳዩ። ልጆቻቸው ተፈቱ፤ የወንድማቸው እህል ግን ከነጎተራው ነደደ። በዚያው ክረምት የአማቴ የእመት የሺ ትንሿ ልጅ በረኃብ ሞተች። ከዚያ ወዲህ አማቴና አያ ቢያድግልኝ አንድ አጥር ተጋርተው፣ በአንድ መንገድ ውኃ እየቀዱ፣ እንደምን አደርህ ሳይባባሉ ኖረዋል። አሁን የሰውየው እግር አብጦ ከመደብ አይነሡም። ሳይታረቁ ቢሞቱ ለሁለቱም ነፍስ ያሰጋል። ሽማግሌ ቢመላለስም እመት የሺ «እግዚአብሔር ይማረው፤ እኔ ግን አልዋሽም» ብለው መልሰዋል።

ባለቤቴ ከሚሠራበት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ቢያጣ፣ «ወንዶቹ አቅቷቸዋል፤ አንቺ ሂጂና እንደ ልማድሽ አንብቢላት» አለኝ።

ልማዴን ታውቃላችሁ። አባቴ እንዳስተማሩኝ ጠዋት የዕለቱን ዳዊት እደግማለሁ። ከዚያ ከወንጌል አንድ ምዕራፍ በአማርኛ አነብና መጽሐፉን አጥፌ፣ ያነበብሁትን ወደ ልመና እመልሰዋለሁ። ምዕራፍ አልመርጥም፤ በተራ ነው የምሄደው። አባቴ «ንባብ የሚመርጥ ተግሣጽም ይመርጣል» ይሉ ነበር። ማታ አባታችን ሆይ ብለን የምንተኛው ከባለቤቴ ጋር ቆመን ነው። እሱ ጸሎቱ መካከል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። የጎንደር አቧራ ነው እያልሁ አልፌው ነበር።

ሰኞ

የሰኞውን ዳዊት የደገምሁት ሳይነጋ ነው። ከወንጌል የደረሰኝ የማቴዎስ ሦስተኛው ነበር፤ የጌታን መንገድ አቅኑ የሚለው። መጽሐፉን አጥፌ «ጌታዬ፣ እኔም ወደ አንተ ሥራ ነው የምሄደው፤ መንገዱን አቅናልኝ» አልሁና ወጣሁ። አልፈራሁም። እንዲህ ብሎ የወጣ ሰው ምን ይፈራል?

አብሮኝ የሚሄደው የባለቤቴ ዘመድ አያ ደሴ ነው፤ ቅቤ ሊሸጥ ወርዶ እኔን ይዞ ሊመለስ። የጭነት ማኪና አገኘን። ሹፌሩ ሴት ነሽ ብሎ ጋቢና አስገባኝ፤ አያ ደሴ ከላይ ከጨው ጆንያው ጋር ተቀመጠ። ከአጠገቤ ሊማሊሞን ወርዳ ወደ ድብ ባሕር የምትሄድ ባልቴት ነበረች፤ ከጎንደር ከተነሣን ጀምሮ እኔ ዳባት እስክወርድ ድረስ ዓይኗን አልገለጠችም። «ማየት አይቻልም እንዴ?» ብላት «አንቺ እይልኝ» አለችኝ።

መንገዱ ጣሊያን የቆረጠው ነው፤ ሲሻው ገደል ይታከካል፣ ሲሻው ወደ መጣበት ይመለሳል። የኛ ቡልጋም ገደል አያጣም፤ ነገር ግን የኛን ገደል በእግራችን ስለምንወርደው እናውቀዋለን። ይህኛው በመስኮት ብቅ እያለ ነው የሚያስደነግጥ። አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ጎማው ፈነዳ። ወርደን ዳር ቆምን። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ እኔ ነጠላ ብቻ ነው የለበስሁት፤ ጋቢዬን ከላይ ጭኜዋለሁ። ዳዊቴን አውጥቼ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ሹፌሩ ከማኪናው ሥር ሆኖ ተጣራ፦

«እመቤት፣ ለኔም ጸልዩልኝ!»

«ምን ብዬ?»

«ሁለተኛው ጎማ እንዳይደግመኝ ብለው ነዋ!»

«መንገዱ እንዲቃና ጠዋት ለምኛለሁ» አልሁት።

አያ ደሴ ከላይ ሆኖ «ለጣሊያን መንገድ ጸሎት ዘገየ እመቤት፤ ተጣሞ ከተሠራ ቆየ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያም ቁልቁል ወርዶ ጋቢዬን አመጣልኝ።

ዳባት የደረስነው ሲመሽ ነው። ያሳደረችን አያ ደሴ የሚያውቃት ባልቴት ናት። እንግዳ ሲመጣ እግር ማጠብ እኛም ጋ አለ፤ ግን እኛ ጋ ልጅ ወይም ሎሌ ነው የሚያጥበው። እሷ ራሷ ተንበርክካ አጠበችኝ፤ ብከለክላት «ምነው፣ እግርሽን ልትሸሽጊኝ ነው?» አለች። የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። የገብስ እንጀራቸው ወፍራም ነው፤ የኛን ጤፍ የለመደ ሰው ሁለት ሲቆርስ ይጠግባል። እሷ ግን «አልበላሽም» ብላ ሦስት ጊዜ አጎረሰችኝ። ሆዴ ሊፈነዳ ደረሰ። አንቀላፋሁ፤ የመደቡ ቁንጫ ግን አላንቀላፋም።

ማክሰኞ

የዕለቱ ምዕራፍ ጌታ የተፈተነበት ነው፤ ድንጋዩን እንጀራ አድርግ የተባለበት። ከትናንቱ እራት በኋላ ይህ ሲደርሰኝ ብቻዬን ፈገግ አልሁ። ልመናዬ አጭር ነበር፦ የጠገብሁትን ከጥጋብ ፈተና ጠብቀኝ።

ከዳባት በበቅሎ ወጣን። ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው፤ በየዳገቱ ጽድ ቆሟል። አገሩ ሸጋ ነው። ይህችን ቃል ከነሱ ነው የወሰድኋት፤ ጥሩም፣ ቆንጆም፣ ደኅናም ሁሉ ሸጋ ነው። አንድ ወንዝ ላይ በቅሎዋ መካከል ደርሳ ቆመች፤ ብትገፋ፣ ብትጎተት፣ ብትለመን እምቢ። ወርጄ በእግሬ ተሻገርሁ፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ። እኔ ከተሻገርሁ በኋላ ዘና ብላ መጣች። አያ ደሴ «ጭነቷ እስኪወርድላት ነው የጠበቀች» አለኝ። ከእኔ የከበደ ነገር እንዳልጫነች ያን ጊዜ ገባኝ።

እመት የሺ ከአጥሩ በር ቆመው ነበር የጠበቁኝ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ጉልበታቸውን ስስም ቀና አድርገው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። «ምነው ዘገየሽ? ልጄ እንዳገባሽ ነበር መምጣት» አሉ። እርጥብ ቀሚሴን ሲያዩ ደግሞ የራሳቸውን አዲሱን ቀሚስ አምጥተው አለበሱኝ፤ ከደብሩ በዓል በስተቀር ለብሰውት እንደማያውቁ በኋላ ነው የሰማሁት።

በቤቱ አለሚቱ አለች፤ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሚስት። ባሏ ቆላ ወርዷል። ገና ሕፃን ሳለች ነው የተዳረችው፤ ማገዶ መልቀምም፣ ክር መፍተልም፣ ጸሎትም ከእመት የሺ ነው የተማረችው። አሁን የልጅ እናት ናት። ምላሷ ፈጣን ነው፤ ወዲያው ወደድኋት።

ማታ ሁላችንም ወደ ምሥራቅ ቆምን። እመት የሺ አባታችን ሆይን ጀመሩ፤ እኛ ተከተልን። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ እስከሚለው ድረስ ደኅና ሄድን። በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ሲደርስ የእኔ ድምፅ ብቻውን ቀረ። እመት የሺ አፋቸውን ዘግተዋል። ትንሽ ቆይተው «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» ብለው ቀጠሉ። አያ ደሴ ጉሮሮውን ጠረገ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ትዝ አለኝ። የሚያንቀው አቧራ እንዳልሆነ ያወቅሁት ጽድ አምባ ላይ ነው።

ረቡዕ

የጾም ቀን ነው። አምስተኛውን ምዕራፍ በአማቴ ፊት አነበብሁ፤ ብፁዓን የሚለውን እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። መባህን ከመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው ሲመጣ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እሱን እኔ አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው መባ የማላገባው። ጧፉንም ስንዴውንም በሰው እጅ ነው የምልክ። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ።»

«ማታም ቃሉን ዘለሉት፣ እማማ።»

«አልዘለልሁትም፤ አላልሁትም። የማልሰጠውን አልለምንም። ይቅር ሳልል ይቅር በለኝ ብል፣ እሱ የልብ አዋቂ አይደለም እንዴ? ሰው ባታልል አንድ ነገር ነው።»

በቡልጋ ከተጣላችው ጋር እያፈጠጠች ሙሉውን ጸሎት የምታንበለብል ስንት ሴት አውቃለሁ። እኚህ ደግሞ ከመዋሸት ብለው የገዛ ራሳቸውን ምሕረት ትተዋል። መጽሐፉን አጠፍሁ። ልመናዬም ያን ቀን የሳቸው ነበር፦ ጌታዬ፣ ውሸት የማይችል አንደበት ሰጥተሃቸዋል፤ እንግዲህ ልባቸውን ከአንደበታቸው ጋር አስታርቅልኝ።

ቀን ላይ ስልጆ ከነሰናፍጩ አቀረቡልኝ፤ አፍንጫዬ እስኪያለቅስ በላሁ። አለሚቱ «ሸዋ ሰናፍጭ የለም?» ብላ ሳቀችብኝ። ከአጥሩ ማዶ የሚያቃስት ድምፅ ይሰማ ነበር።

ሐሙስ

ተራው የስድስተኛው ምዕራፍ ነው። አያ ደሴ ቀድሞ ሰምቶ «እመቤት፣ እንደ ነገረ ፈጅ ነው የመረጥሽው» ብሎኛል፤ አልመረጥሁም። ከቅዳሜ ጀምሬ ስቆጥር ሐሙስ ላይ የሚውለው እሱ ነው።

ምሳ ከበላን በኋላ ነው ያነበብሁት። እመት የሺ እንዝርታቸውን ይዘዋል፤ አለሚቱ ልጇን እያጠባች ጥጥ ትፈለቅቃለች። አባታችን ሆይ ያለበት ደረስሁ። ድምፄን ከፍም ዝቅም አላደረግሁም። የበደሉንን ይቅር እንደምንል አልሁና ልቀጥል ስል አለሚቱ፦

«ምነው እትዬ፣ ቆይ እስቲ። ይኼ የበደሉንን ምናምን የሚለው የሸዋ ነው?»

«የሸዋ ማለት?»

«እኛ ጋ የለም እኮ። እኛ ጋ ከእንጀራው ቀጥሎ ፈተናው ነው የሚመጣ። ማክሰኞ ማታም ብቻሽን ስትይው ሰምቼ፣ ሸዋዎች ነገር ስለምታስረዝሙ ጨምራችሁበት ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

አያ ደሴ በሳቅ ሊፈነዳ አፉን ከፈተ፤ የእመት የሺን ፊት አየና እንደከፈተው ቀረ። እንዝርቱ ወድቆ ተንከባለለ፤ የሚያነሣው ጠፋ።

አለሚቱ እየተሳለቀች አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ በግዕዝ ስለሚባል ቃሉን አትለየውም። በአማርኛ የሰማችው ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው። እመት የሺ እዚያ ቦታ ላይ ዝም የሚሉትን እሷ ትንፋሽ መውሰጃ ነው ብላ ይዛዋለች፤ ብቻዋን ስትጸልይ ደግሞ ትንፋሽ ስለማያጥራት ዝምታውንም ትታዋለች።

«የሁላችንም ነው» አልኋት። «ጌታ ራሱ ያስተማረው ነው።»

«ታዲያ እኛ ምነው የለንም?» ብላ ወደ አማቷ ዞረች። እመት የሺ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ወደ ጓዳ ገቡ። እራት አልበሉም። በማታው ጸሎትም አልቆሙም።

ዓርብ

ምዕራፉ አትፍረዱ የሚለው ነው፤ በሌላው ዓይን ያለውን ጉድፍ አይቶ በራሱ ዓይን ያለውን ምሰሶ ስለማያይ ሰው። ይህን ለአማቴ አላነበብሁላቸውም፤ ለራሴ ብቻ በቀስታ አንብቤ፣ «አንደበቴን ያዝልኝ፤ ነገሩን የጀመርኸው አንተ ነህና አንተው ጨርሰው» አልሁ። እንደሚጨርሰው አልተጠራጠርሁም። ቀኑን ሙሉ ዝም ብዬ ዋልሁ፤ ለእኔ ይህ እንደ ጾም ነው፣ ታውቁኛላችሁ።

ማታ እመት የሺ ወጡ። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው አለሚቱን ጠሩ።

«ነይ ቁሚና አባታችን ሆይን በይልኝ። ብቻሽን።»

አለሚቱ ቆማ አለች። እንጀራው ደረሰ፤ ፈተናው ተከተለ። በመካከሉ እንደ ክር ቀጭን ክፍተት እንኳ አልነበረም።

እመት የሺ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ለእኔ እንዲህ አሉ፦

«ያን ቃል ያስቀረሁት ከራሴ አፍ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ከሷም አፍ አስቀርቼዋለሁ። ነገ ይህች ልጅም ለልጇ የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ቢያድግልኝ እህሌን ነው ያቃጠለብኝ። እኔ ምን አቃጠልሁ?»

«እማማ፣ እኔ አስተምራታለሁ» አልሁ።

«አይሆንም» አለች አለሚቱ። «ሌላውን ከሳቸው አፍ ተቀብዬ ይህን ከሸዋ አፍ አልቀበልም፤ አትቀየሚኝ እትዬ።» ከዚያም ሐሳብ እንደመጣላት ሰው ቀና ብላ፣ «ግን እኔን ማን በደለኝ? አያ ቢያድግልኝ እንደሁ ምንም አላደረጉኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በመንገድ ሳገኛቸው ፊቴን አዞራለሁ። እሳቸው ግን እንደምን አደርሽ ይሉኛል» አለች።

እመት የሺ እሳቱን አዳፈኑ። «ተኙ» ብቻ አሉን።

ቅዳሜ

ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ የጴጥሮስ አማት አለች፤ በንዳድ ተኝታ ጌታ እጇን ዳሰሰ፣ ተነሣች። ያን ጠዋት የኔን አማት አማት ብዬ ሳይሆን በክርስትና ስማቸው ጠርቼ ለመንሁ፦ «የሷን እጅ እንደዳሰስህ የኔንም አማት ዳስስልኝ፤ ይነሡ።»

ገና አሜን ሳልል በሩ ተከፈተ። እመት የሺ ነጭ ለብሰው ቆመዋል።

«ተነሡ፤ ልንሄድ ነው።»

በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ወደ ተበደለው ደጅ ይመጣል እንጂ የተበደለ ወደ በደለው አይሄድም። አያ ደሴ ይህን ሊያስታውሳቸው ሲሞክር «እግሩ ያበጠ ሰው እንዴት ይመጣል? ተሸክመህ ታመጣልኛለህ?» አሉት። በአጥሩ ዞረን ሄድን።

አያ ቢያድግልኝ የእመት የሺን ድምፅ ከደጅ ሲሰሙ ከውስጥ «ድንጋይ! ድንጋይ አምጡልኝ!» እያሉ መጮህ ጀመሩ። ልጃቸው ተደናግጣ ድንጋይ ብታጣ የወፍጮውን መጅ አምጥታ ጫንቃቸው ላይ አኖረችላቸው። ስንገባ በመደቡ ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸው ጎብጦ፣ መጁን በሁለት እጃቸው እንደያዙ አገኘናቸው።

«አውርደው» አሉ እመት የሺ። «አንገትህን ሰብረህ ነፍስህን በኔ ላይ ልታደርጋት ነው?»

«ሳልሸከም አታናግሪኝም ብዬ ነው።»

«እኔም ሳልጸልይ አላናግርህም።»

ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ሁላችንም ዞርን። ጀመሩ። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ አሉና ቆሙ። ያ ዝምታ የት እንዳለ አሁን ሁላችንም እናውቀዋለን። በደጁ ዶሮ ሲጭር ይሰማል። አያ ደሴ ጉሮሮውን ሊጠርግ ጀምሮ ዋጠው።

«በደላችንንም ይቅር በለን» አሉ እመት የሺ። ከዚያ «እኛም» አሉ። ደግመው «እኛም…» አሉ፤ ወደኔ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ዓይናቸው ፈጠጠ። ቃሉ ጠፋባቸው። ከልጃቸው ሞት ወዲህ አላሉትም፤ ፈልገው ሲመጡ ቦታው ላይ አጡት።

ከኋላዬ አለሚቱ በቀስታ «የበደሉንን» አለች።

«የበደሉንን።»

«ይቅር እንደምንል።»

«ይቅር እንደምንል» አሉ እመት የሺ፤ ድምፃቸው መካከሉ ላይ ተሰበረ፣ ግን ደረሰ። መጁ ከአያ ቢያድግልኝ እጅ ተንሸራቶ መሬቱ ላይ ሲወድቅ ቤቱ ጓ አለ። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

እመት የሺ ጸሎቱን እስከ አሜን ጨርሰው ወደ አያ ቢያድግልኝ ልጅ ዞሩና «ውኃ ስጪኝ፤ ጠማኝ» አሉ። በዚያ ቤት ቅል ተቀብለው ሲጠጡ አለሚቱ ፈዛ ቆማ ታያቸው ነበር። ከዚያ ወደ አያ ቢያድግልኝ ቀርባ ጉልበታቸውን ሳመችና «እንደምን አደሩ አያ?» አለቻቸው።

እሑድ

የእሑድ ዳዊት የነቢያት ጸሎት ነው፤ እየሄድሁ በቃሌ ጨረስሁት። እመት የሺ ጧፋቸውን በገዛ እጃቸው ይዘው ቅጥሩ ውስጥ ገቡ። ለመቍረብ የነፍስ አባታቸው ገና የሚሉት አለና አልቸኮሉም፤ «መንገዱን አግኝቻለሁ፣ አልሮጥም» አሉኝ። ቅዳሴው ሲወጣ ሴቶቹ ከበው ሳሟቸው። እኛ ጋ ቢሆን ማታውኑ ጠላ ተጠምቆ ይጨፈር ነበር፤ እነሱ ግን ስመዋቸው ብቻ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የደጋ ሰው ደስታውን አይዘረግፈውም።

ስለ መመለሻው አላስረዝምም፤ ማኪናው ደኅና ነበር። በቅሎዋም ያችው ወንዝ ላይ አልቆመችም። እመት የሺ ቀሚሱን አውልቄ ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ፤ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ ነው። አያ ደሴም ለሹፌሩ «ወደ ጎንደር ስትወርድ ይህችን ሴትዮ ካላሳፈርህ ጎማህ አይበረክትም» ብሎ በአደራ ሰጠኝ።

ጎንደር ስገባ ባለቤቴ ከበሩ ወጥቶ ተቀበለኝ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርሁት፤ መጁን፣ ቅሉን፣ አለሚቱ ቃሉን ከኋላ ያቀበለቻቸውን። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ «እግርሽን ታጠቢ፣ ደክሞሻል» አለኝ።

ማታ እንደ ልማዳችን ቆምን። እሱ ጀመረ፣ እኔ ተከተልሁ። እንጀራው ላይ ስንደርስ ሳላስበው ጆሮዬን አቀናሁ። ጉሮሮውን አልጠረገም፤ ቀጣዩን ቃል አብረን አልነው።